በቡና ማስጫው ላይ የተሰጠ ምርቃት

አባቦራ ልጁን በስሙ መጥራት ከተወ ስድስት ዓመት አልፎት ነበር። ሰው ስለ ኡመይር ሲጠይቀው መሮውን ከእንጨቱ ላይ ሳያነሣ «ያ ኳስ የበላው?» ይልና ሥራውን ይቀጥላል። አጋሮ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ሱቁ፣ ከአንድ ግንድ፣ ያለ ሚስማርና ያለ ማጣበቂያ፣ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሲጠርብ የኖረ ሰው ነው። አባቱም ይህንኑ ሲሠራ ኖሮ አልፏል፤ አያቱም እንዲሁ። ከኡመይር በቀር ግን መሮውን የሚረከብ ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ ታላቂቱ ሩፈይዳ ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ተድራ ልብስ ስፌት ትሠራለች። ስለዚህ ኡመይር ሲሄድ፣ የሦስት ትውልድ ሙያ አብሮት ከቤት እንደወጣ አባቦራ ቆጥሮታል።

ልጁ የሄደበት አኳኋንም በቀላሉ የሚረሳ አልነበረም። ፋሂም የሚባለው ቡና ነጋዴ ከከተማው ዳር ሰፊ የሲሚንቶ ማስጫ አለው፤ በመኸር ጊዜ ቀይ ቡና ከነቆዳው ተሰጥቶ፣ ደርቆ ጀንፈል የሚሆንበት ነው። መኸሩ ሲያልፍ ማስጫው ባዶውን ስለሚውል የሰፈሩ ልጆች ኳስ የሚጫወቱት እዚያ ነበር፤ ኡመይርም ኳስን የለመደው በዚያ ሲሚንቶ ላይ፣ ጉልበቱ እየተላጠ ነው። አንድ ኅዳር ታዲያ ቡናው ተሰጥቶ ሳለ ኳስ ከመንገድ ተሻግራ መሐል ገባች። ኡመይር ሊያወጣት ሮጠና የተሰጣውን ቡና በታኬታው እየረጋገጠ በታተነው። ፋሂም «ያን ጠራቢ ጥሩልኝ» ብሎ ሰው ላከ። አባቦራ መጣ። ነጋዴው፣ ሠራተኞቹና ለቃሚዎቹ ሁሉ ቆመው እያዩ፣ ጢም ያቀመቀመ ልጁን በጥፊ መታው፤ ታኬታውንም ከእግሩ አስወልቆ፣ ሠራተኞቹ ሻይ ያፈሉበት በነበረው እሳት ላይ ጣለው።

«ማሻአላህ! አባት ማለት እንዲህ ነው» አለ ፋሂም።

አባቦራ ያን ቃል እንደ ሽልማት ይዞ ቤቱ ገባ። ድሀ ሰው በባለጠጋ ፊት ሲመሰገን፣ የተመሰገነበትን ነገር መልሶ አይመረምርም።

በማግስቱ ኡመይር ቦርሳውን ተሸክሞ ከሱቁ ደጃፍ ቆመ።

«አባ፣ ወደ ጅማ መሄዴ ነው። ኤባ ይስጡኝ።»

በዚያ አገር ምርቃትን ኤባ ይሉታል። ልጅ ያለ አባቱ ኤባ ሩቅ መንገድ አይጀምርም፤ አባት እጁን ዘርግቶ፣ እንትፍ እንትፍ ብሎ፣ በመጨረሻም «ነጋን ገሊ» — በሰላም ግባ — ሳይለው የወጣ ልጅ፣ ቢያገኝም አይበረክትለትም ይባላል። ያላገኘ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አንድ ነገር ቤቱ ረስቶ እንደወጣ መንገደኛ ይሆናል። አባቦራ ይህን ከማንም አብልጦ ያውቅ ነበር። ያውቅ ስለነበረም ነው የነፈገው።

«ለኳስ የሚሆን ኤባ የለኝም» አለው ቀና ሳይል። ልጁ ጥቂት ቆመ፤ ከዚያ ጥላው ከደጃፉ ላይ ተነሣ።

ዘመን ግን የሰውን ቃል እያየ የሚስቅበት ጊዜ አለው። ኡመይር በጅማ፣ ቀጥሎም በአዲስ አበባ ተከላካይ ሆኖ ተጫወተ፤ ከዚያም አንድ የሰሜን አፍሪካ ክለብ ወሰደው። ያ ክለብ የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆነ። ሻምፒዮን ሲሆን ደግሞ፣ በየአህጉሩ ዋንጫ ያነሡ ክለቦች በሚገናኙበት ውድድር ላይ አፍሪካን ወክሎ ታኅሣሥ ላይ ወደ ዶሃ እንደሚሄድ ተነገረ። የመጀመሪያ ተጋጣሚው የደቡብ አሜሪካው ሻምፒዮን ነበር። ከአጋሮ የወጣ ልጅ በዓለም ፊት! ወሬው ከአጋሮ የቡ፣ ከየቡ ጅማ፣ ከጅማ ሊሙ ለመድረስ አንድ ከሰዓት በኋላ በቃው። «ያ ኳስ የበላው» የሚለው ስም ከአጋሮ አፍ ላይ በአንድ ሳምንት ጠፋ። አባቦራም ራሱ ሳያውቀው «ልጄ ኡመይር» ማለት ጀመረ።

ለጨዋታው ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ፋሂም ራሱ ወደ ሱቁ መጣ፤ ሰው አልላከም። አብሮት ሚሊዮን ነበር፤ በመናኸሪያው አጠገብ የሞባይል ዕቃ የሚሸጥ፣ በሠርግም በስብሰባም ማይክ የማይለቅ አፈ ቅቤ ጎልማሳ ነው።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ኦቦ አባቦራ» አለ ፋሂም፣ ተሰርቶ ካለቀ በርጩማ ላይ ሳይጋበዝ እየተቀመጠ። «እርስዎ የእኛ ኩራት ነዎት።»

አባቦራ «እርስዎ» የሚለውን ቃል ከፋሂም አፍ ሰምቶት አያውቅም። ጆሮው ላይ እንደ ማር ተንጠባጠበ።

«ወዐለይኩሙ ሰላም። ምን ልታዘዝ?»

«መታዘዙስ የኛ ነው። ከጅማ ትልቅ ስክሪን አስመጣለሁ። ማስጫዬን አስጠርጌ ሕዝቡን እጋብዛለሁ። ከጨዋታው በፊት ግን አንድ ነገር ያስፈልጋል...»

ሚሊዮን አላስጨረሰውም። «ፋዘር፣ እርስዎ ማይኩን ይይዛሉ፤ እኔ ለኡመይር እደውላለሁ፤ ስልኩን ከስፒከሩ ጋር አያይዘዋለሁ፤ ከዚያ ኤባ! በላይቭ! ሽማግሌው በግራ፣ ወጣቱ በቀኝ፤ ሕዝቡ አሚን ሲል ዶሃ ድረስ ይሰማል። እንዲህ ያለ ነገር በቲክቶክ ታይቶ አያውቅም፣ ወላሂ!»

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ወላሂ የምትለው?» አለ ፋሂም።

«ከእናንተ ጋር ስውል ይጋባብኛል፣ ጋሼ። ጊዮርጊስ ይቅር ይበለኝ።»

ሳቁ። አባቦራም ሳቀ፤ ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር ከሳቀ።

«ሰዓቱ ሲደርስ ልጁ ስልክ ያነሣል ወይ?» ሲል ጠየቀ።

«ዶሃ ቡና የሚረከበኝ ሰው አለ። እሱ ያመቻቸዋል» አለ ፋሂም፤ ያለው ሁሉ የሚሆንለት ሰው ያለውን ዓይነት እርግጠኝነት ይዞ።

የአባቦራ ሚስት ዘይቡ ይህን ሁሉ ከጓዳው በር ሆና ሰምታ ነበር። ሰዎቹ ሲሄዱ ወጣችና፣ ፋሂም ተቀምጦበት የነበረውን በርጩማ በጨርቅ ጠረገችው።

«ከየት ላይ ሆነህ ነው ልጄን የምትመርቀው?» አለችው።

«ከማስጫው ላይ። ምነው?»

«ምንም» አለች። «ብቻ የትኛው ማስጫ እንደሆነ የረሳኸው መስሎኝ ነው።»

አባቦራ አልረሳም። ይልቁንም በልቡ፣ ልጄን በሰው ፊት ካዋረድኩበት ቦታ በሰው ፊት አከብረዋለሁ፤ ዕዳው በዚያው ይዘጋል ብሎ ነበር ያሰበው። አሳቡ ሲሰሙት ያምራል። ጉድለቱ ግን አንድ ነበር፤ ስለ ልጁ ሲያስብ ልጁን አልጠየቀውም።

ጨዋታው ከምሽቱ የመግሪብ ሰላት በኋላ ሊሆን፣ በዚያው ዕለት ሩፈይዳ ከጅማ በሚኒባስ መጣች። የቀትሩ የዙህር ሰላት እንዳበቃ አባቷን ከሱቁ ወደ ውስጠኛው ክፍል ጠራችው። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛለች።

«አባ፣ ኡመይር ነው። ከሆቴል ነው የሚደውለው። እርስዎን ነው የሚፈልገው።»

አባቦራ ስልኩን ተቀበለ። ስድስት ዓመት ያልሰማው ድምፅ፣ ወፍሮ ግን ያው ሆኖ፣ ከጆሮው ሥር ተናገረ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ አባ። ደህና ነዎት?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ። አንተስ?»

«ደህና ነኝ። አባ፣ ብቻዎን ነዎት?»

«እናትህና እህትህ አሉ።»

«ደግ። ጊዜ የለኝም፤ ወደ ስታዲየም ስንነሣ አሰልጣኙ ስልካችንን ይሰበስባል። ያኔ ከደጃፍዎ ቆሜ የለመንኩዎትን ነው አሁንም የምለምነው። ኤባዬን ይስጡኝ።»

አባቦራ ቃሉ ወደ አፉ ሲመጣ ተሰማው። ቀኝ እጁ እንኳ በራሱ ፈቃድ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ተዘርግቶ ነበር። ዘይቡ አየችውና ሻሽዋን ወደ አፏ አስጠጋች፤ «አሚን» ልትል ተዘጋጅታለች። ልክ በዚያ ቅጽበት ከመንገዱ ድምፅ ማጉያ ጮኸ። የፋሂም ፒክአፕ ነበር፤ ሚሊዮን ከኋላው ቆሞ ይለፍፋል። «ዛሬ ከመግሪብ በኋላ! የኡመይር አባት፣ ታላቁ አባታችን፣ ልጃቸውን በቀጥታ ይመርቃሉ! እንዳትቀሩ! ያልሰማ ስማ፣ የሰማህ አሰማ!»

የአባቦራ እጅ ቀስ ብሎ ታጠፈ። አሁን ከሰጠሁት ማታ ምን እሰጣለሁ? አለ በልቡ። ሕዝብ ተጠርቷል፤ ሽማግሌ ተጠርቷል። የተበላ ማዕድ ላይ እንግዳ ይጠራል?

«ልጄ» አለ፣ «ማታ ነው የምመርቅህ። በሽማግሌ ፊት፣ በአገር ፊት። ፋሂም ስልኩን የሚያደርስልህ ሰው አለኝ ብሏል።»

«ማንም አያደርስልኝም፣ አባ። እኔ ደግሞ ለአገር አይደለም የጠየቅኩት።»

«አሚን የሚል ሰው የሌለበት ኤባ ግማሽ ነው፤ ይህን ታውቃለህ።»

«ግማሹን ይስጡኝ። ግማሹ ይበቃኛል።»

ዘይቡ ተነሣች። «ማሎ! እባክህ ስጠው!» አለች። «እኔ አሚን እላለሁ፤ ሩፈይዳም ትላለች። ስንት ሰው ያስፈልግሃል?»

አባቦራ በሌላ እጁ ዝም እንድትል ምልክት ሰጣት። «ማታ ሙሉውን ትቀበላለህ» አለ ወደ ስልኩ። «ታገሥ።»

ከዚያ ልጁ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቦታው የት ነው?» አለ።

«ማስጫው ላይ።»

«የፋሂም ማስጫ?»

አባቦራ «አዎ» ለማለት አፉን ከፈተ፤ ቃሉ ግን ዘገየ።

«እሺ፣ አባ» አለ ኡመይር፤ ስልኩም ተዘጋ።

ማታ ማስጫው በሰው ጥቁር አለ። ጀንፈሉ ወደ ዳር ተገፍቶ በሸራ ተሸፍኗል፤ የሚፈላ የሚመስለው የደረቀ ቡና ሽታ በሕዝቡ ላይ ተኝቷል። ከጅማ ሰፈሮች፣ ከቦሳ አዲስና ከአወቱ መንደራ ሳይቀር በአይሱዙ ተጭነው የመጡ ነበሩ። ከስክሪኑ በላይ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል፤ በቀኝ በኩል የኡመይር ፎቶ፣ በግራ በኩል የፋሂም። የፋሂም ይበልጥ ነበር። ዘይቡ ራሴን አሞኛል ብላ ቀርታለች። ሩፈይዳ ግን መጥታለች፤ አባቷ ካለበት ብዙም ሳትርቅ፣ ጫማዋን በጀንፈሉ ሸራ ጠርዝ ላይ አድርጋ ቆማለች።

አባቦራ አዲስ ነጭ ጀለቢያ ለብሷል፤ ፋሂም ያለበሰው ጋቢ ትከሻው ላይ ነው። የተቀመጠው ከሽማግሌዎቹ መካከል፣ ዕድሜውን ሙሉ በጠረባቸው በርጩማዎች ላይ ሳይሆን ከሆቴል በመጣ ባለ መከዳ ወንበር ላይ ነበር። ሚሊዮን ማይኩን ነፋ፣ አስጨበጨበ፣ ከዚያ ስልኩን ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ አሳየና ደወለ።

ጥሪው ከስፒከሩ ወጥቶ በማስጫው ላይ አስተጋባ። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራና ተቋረጠ። ሚሊዮን ስቆ «ኔትዎርክ ነው፣ ኔትዎርክ!» አለና እንደገና ደወለ። ያው ሆነ። በሦስተኛው ላይ ሚሊዮን ገመዱን ከስልኩ ነቅሎ፣ ጎንበስ ብሎ ለፋሂም አንሾካሾከ።

«ጋሼ፣ አያነሣም። የዶሃው ሰውዬዎስ?»

«ሰውዬውም አላነሣም» አለ ፋሂም ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። ከዚያ ወደ አባቦራ ጆሮ ተጠጋ። «ይቀጥሉ። ሕዝቡ ምን ያውቃል? ኤባ እንደሆነ ኤባ ነው፤ አላህ ይሰማል።»

ሚሊዮን ስልኩንና ማይኩን አስያዘው። አባቦራ ስልኩን አየ። መስተዋቱ ጠቁሯል። ሕዝቡን አየ። አንገቱን ያሰገገ ሕዝብ፣ ስልኩን ወደ እርሱ የቀሰረ ሕዝብ። ተነሥቶ «ልጄ አላነሣም፤ ቀን ለምኖኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያሳለፍኩት» ማለት ይችል ነበር። እውነት አጭር ነበረች፤ ጀግና የምትፈልግ ግን ሆነች። አባቦራ ጥቁሩን ስልክ ወደ ጆሮው አስጠጋ።

«ልጄ ኡመይር!» አለ በማይኩ።

ማስጫው ጸጥ አለ።

«ረቢ ጉልበትህን ያጽናው!»

«አሚን!»

«እንደ ኦዳ ዛፍ ያስፋህ! ጥላህ ለወገን ይትረፍ!»

«አሚን!»

«የናቀህ ይፈር! ያሰደደህ ይፈር!»

«አሚን!» ከሁሉ ይበልጥ የጮኸው ፋሂም ነበር።

«እንትፍ! እንትፍ! ነጋን ገሊ፣ ልጄ! ነጋን ገሊ!»

«አሚን! አሚን!»

እዚህ ላይ ቢያበቃ እንኳ ኃጢአቱ ልክ ይኖረው ነበር። አባቦራ ግን ጭብጨባው ሲሞቀው፣ ስልኩን ይበልጥ ወደ ጆሮው ተጫነ፤ ጸጥ ብሎ አዳመጠ፤ ራሱን ነቀነቀ። «እሺ ልጄ... እሺ... አታልቅስ» አለ። ሚሊዮንም ማይኩን ነጥቆ «ኡመይር እያለቀሰ ነው!» ሲል አወጀ። ሴቶች እልል አሉ። አንድ ሽማግሌ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ።

ሩፈይዳ ብቻ አላጨበጨበችም። አባቷን እንደማታውቀው ሰው አየችው፤ ከዚያ ሸራውን ረግጣ ወጣች።

ጨዋታው ተጀመረ። ኡመይር መጀመሪያ ተቀያሪዎች መካከል ተቀምጦ ነበር፤ ሁለተኛው አጋማሽ ሲጋመስ አንዱ ተከላካይ ተጎድቶ እርሱ ገባ። ክለቡ አንድ ለዜሮ እየመራ ነው። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀር የደቡብ አሜሪካው አጥቂ በረኛውን አልፎ መታ፤ ኡመይር ከየት መጣ ሳይባል ተንሸራትቶ ኳሷን ከመስመሩ ላይ አወጣት። ማስጫው ተናጋ። አባቦራን ከነወንበሩ አነሡት። «ኤባው ሠራ! ኤባው ሠራ!» እያሉ በጀንፈሉ ዙሪያ አዞሩት፤ ሸራው ተገለጠ፤ ቡናው በስንት ሰው እግር ተረገጠ፤ ፋሂም ምንም አላለም። አባቦራም ከሕዝቡ ትከሻ ላይ ሆኖ፣ ለአፍታ፣ በእርግጥ የመረቀው መሰለው።

ውሸት ብዙ ሰው አሚን ሲላት የተናገራት ሰው ራሱ ያምናታል። ጠዋት ግን ሕዝቡ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ኡመይር በእናቱ ስልክ ደወለ። ከእናቱ ጋር ብዙ አወራ፤ በመጨረሻ ዘይቡ ስልኩን ወደ ሱቁ ይዛ መጥታ፣ በተላገው እንጨት ላይ አስቀመጠችው።

«ልጄ!» አለ አባቦራ። «እንኳን ደስ አለህ! ኳሷን ከመስመር ላይ ስታወጣት አየሁህ፤ አገር አየህ!»

«አመሰግናለሁ፣ አባ። እኔም አየሁዎት። ቪዲዮውን ልከውልኝ ነበር።»

«አየኸው? ሕዝቡንስ አየህ?»

«አየሁ። ከማን ጋር ነበር የሚያወሩት?»

አባቦራ መሮውን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው።

«ስልኬ የአሰልጣኙ ሻንጣ ውስጥ ነበር» አለ ኡመይር። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻል ነበር። «ነግሬዎት ነበር። 'እሺ ልጄ፣ አታልቅስ' ሲሉ ያለቀሰው ማን ነው?»

«ሕዝቡ ቆሞ ነበር፣ ልጄ... ሽማግሌው ሁሉ... ምን ላድርግ?»

«ያኔም ሕዝቡ ቆሞ ነበር።»

ከውጭ አንድ ባጃጅ እያጓራ አለፈ። አባቦራ ፍቅፋቂውን ከእንጨቱ ላይ በመዳፉ ጠረገ።

«አባ፣ ቪዲዮውን ደጋግሜ ነው ያየሁት» አለ ልጁ። «መጀመሪያ ደስ ብሎኝ፤ ቢያንስ ቃሉ ከአፍዎ ወጣ ብዬ። ኋላ ግን አንድ ነገር አየሁ። አሚን በተባለ ቁጥር ካሜራው ወዳለበት ነበር የሚያዩት።»

«አሁን ልመርቅህ!» አለ አባቦራ በችኮላ፤ እጁንም ዘረጋ። «ሰው የለም። ብቻዬን ነኝ። ረቢ...»

«ይቅር፣ አባ። ያንን ኤባ ለፋሂም ሰጥተውታል። ታኬታዬንም ያኔ ለእሱ ነው የሰጡት። ይቅር ብያለሁ፤ ቂም የለኝም። ግን የሰው ዓይን ያልነካው አንድ ነገር ከእርስዎ እፈልግ ነበር። ስልኩን ለእናቴ ይስጡልኝ።»

ክለቡ በሚቀጥለው ጨዋታ ተሸነፈ። አባቦራ ያን ዕለት አሞኛል ብሎ ከቤት አልወጣም ነበር፤ የአጋሮ ሰውም «ለዚያኛው ስላልመረቀ ነው የተሸነፉት» አለ። ቪዲዮው ግን መዞሩን አላቆመም። ስለዚህ ከጥር ጀምሮ ሰዎች ወደ ሱቁ መምጣት ጀመሩ፤ ልጁ ለፈተና የሚቀመጥ፣ ልጁ ለኳስ ሙከራ አዲስ አበባ የሚሄድ፣ ጎረምሳው ሊሾፍር መንጃ ፈቃድ ያወጣ። «ኤባዎ የሚሰምር ነው» ይሉታል። እርሱም መጀመሪያ ላይ እምቢ ማለት አፍሮ መረቀ። አሚን ይላሉ፤ ስልካቸውን ይቀስራሉ፤ ይሄዳሉ። ዘይቡ በእነዚያ ቀናት ሱቁ ውስጥ አትቆምም ነበር። የኡመይር ጥሪ ሲመጣም ስልኩን ይዛ ወደ ጓሮ ትወጣለች፤ አባቦራ የሚስቱን ሳቅ በግድግዳው ውስጥ ይሰማል፤ የሚያስቃትን አይሰማም።

አንድ ቀን ሙሐዲን የሚባል ገበሬ ከየቡ መጣ። ለጅማ ቡድን ሊሞከር የሚሄድ፣ ቁመቱ ከእርሱ የበለጠ ልጁን አስከትሏል።

«ኦቦ አባቦራ፣ ይህን ልጅ ይመርቁልኝ። ለእርስዎ ብለን ነው ከየቡ የመጣነው።»

አባቦራ ሰውየውንም ልጁንም አየ። «አንተ መርቀኸዋል?»

«እኔ ማን ነኝ? የእኔ የት ይደርሳል? የእርስዎ ነው ዶሃ የደረሰው።»

«የእኔ ከማስጫው አልወጣም» አለ አባቦራ።

ሙሐዲን ቀልድ መስሎት ሳቀ። አባቦራ ግን አልሳቀም።

«ልጅህን ወደ ውስጥ አስገባው። በሩን ዝጋ። እኔ ውጭ እቆማለሁ። እጅህን ዘርግተህ፣ ማንም ሳይሰማህ፣ አንተው መርቀው።»

«እንዴ፣ ሰውዬው! ኤባ ሊቀበል የመጣን ሰው እንዲህ ይመልሱታል? አሚን የሚል ሰው እንኳ ሳይኖር?»

«ልጅህ አሚን ይላል።»

«ማሎ፣ ኦቦ አባቦራ፤ አንድ ቃል ነው የጠየቅንዎት!»

«አንድ ቃል ነው» አለ አባቦራ። «አውቃለሁ። ለዚያ ነው አንተ ስጠው የምልህ።»

ሙሐዲን ፊቱ ጠቆረ። የልጁን ክንድ ይዞ ወጣ። ከመንገዱ ላይ ሆኖ ለአላፊ አግዳሚው ሲናገር ተሰማ፤ «ልጁ ከከበረ ወዲህ ኮራ! የድሀ ልጅ መመረቅ ተጠየፈ! ፈጣሪ ይይለት!» የሻይ ቤቱ ደንበኞች ራሳቸውን ነቀነቁ። ሚሊዮን ከሱቁ ብቅ ብሎ «ፋዘር፣ ምነው? ስምዎን አያበላሹ እንጂ!» ብሎ ጮኸ። አባቦራ አንድ እውነተኛ ነገር ያደረገው በዚያ ቀን ነበር፤ ስሙን ያጣውም በዚያው ቀን ነው።

በሩን ዘጋ። ሱቁ ጨለም አለ፤ በሳንቃው ስንጥቅ የገባ ብርሃን በፍቅፋቂው ላይ ተኛ። ከጓሮ የዘይቡ ድምፅ ይመጣል፤ ከልጇ ጋር ናት። አባቦራ ያልተጨረሰ በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ ማንም የለም፤ ማንም አይሰማም። አሁን ይሆናል አለ በልቡ። ባይቀበለኝም ልስጠው። ሁለት እጆቹን ዘረጋ፣ መዳፎቹን ወደ ላይ አደረገ።

«ረቢ...» አለ። «ልጄን ኡመይርን...»

ዓይኑ ግን ሳያማክረው ወደ በሩ ስንጥቅ ሄደ፤ ከውጭ የሚያይ ሰው ይኖር እንደሆነ ሊያይ።

አባቦራ ዓይኑን እንደ ሌባ እዚያው ያዘው። ከዚያ እጆቹን አጠፈ፤ «ነጋን ገሊ» የሚለውን ቃል ሳይደርስበት።